ያልሰጠሁት ዳጉ

ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ፣ ሰው ሁሉ እንባችሁን እየጠበቀ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ እምቢ ብላችሁ ታውቃለች? ከዚያስ ድንኳኑ ከተነሳ፣ የተዋሳችሁት ሳህን ለጎረቤት ከተመለሰ፣ ሰውም ሐዘናችሁን ከረሳው ከወራት በኋላ፣ ማንም ባልሞተበት ተራ ማክሰኞ ጉልበታችሁ ከድቷችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። መምህር ስለሆንኩ ነገርን ከመነሻው ይዤ በተራ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

ሰመራ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን አዋሽ ነው። ወላጆቼ ከወሎ ወርደው እዚያው ቀሩ። አባቴን አላስታውሰውም። እናቴ ከዋናው መንገድ ዳር ቁርስ ቤት ነበራት፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከዚያ የሚመለሱ ሾፌሮች ፉልና እንቁላል ይበሉባታል። ታላቅ ወንድሜ ከእነሱው ጋር አድጎ መጀመሪያ ረዳት፣ በኋላም ራሱ ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር ሆነ። ከእኔ በታች አንዲት እህት አለችኝ፤ ባሏ በዚያው መስመር ሾፌር ነው፣ ከወር ሃያ ቀኑን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ቤተሰባችን ይኸው ነበር።

እናቴ ባለፈው ጥቅምት ሞተች። ስኳር ነበረባት፤ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን አለፈች። እኔ ከሰመራ ደርሼ አጠገቧ ነበርኩ። ይህን አጠገቧ ነበርኩ የሚለውን ቃል ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ በኋላ ስለምመለስበት ለጊዜው እንዳለ ተቀበሉኝ።

እንዴት እንደሆነ ባላውቅም ያን ቀን ደብተር አወጣሁ። ድንኳን ማን ያመጣል፣ ከፈን ማን ይገዛል፣ ከኮምቦልቻ የሚመጡት አክስቶቼ የት ይተኛሉ፣ ውሃ በስንት ጀሪካን ይቀዳል፣ የማን ሳህን ስንት ነው፤ ሁሉን ጻፍኩ፣ የተፈጸመውንም አጠገቡ ምልክት እያደረግሁ ሄድኩ። ለቀስተኞቹ ያዩኛል፤ እርስ በርሳቸውም ይነጋገራሉ። አንዲት ሴትዮ እንድሰማት ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ይህቺ ልጅ ወንድ ናት አለች። እኔም ኮራሁ። እህቴ ግን ጓዳ ውስጥ ወለሉ ላይ ተዘርራ ነበር። ገብቼ ሰው እየመጣ ስለሆነ ተነስታ ፊቷን እንድትታጠብ ነገርኳት። የተናገርኩት ተማሪ በሚታዘዝበት ድምፅ ነበር። ተነስታ ታጠበች።

በሦስተኛው ቀን ልመለስ ስል ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና የሁለት ወር ነፍሰ ጡር እንደሆነች ነገረችኝ። እናታችን ሳታውቅ እንደሞተች፣ ልትነግራት አርብን ስትጠብቅ ሐሙስ እንደቀደማት አወራችኝ። ባሏ መንገድ ላይ ነው፤ አክስቶቻችን ሩቅ ናቸው። ስትወልድ አጠገቧ የሚቀመጥ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ግንቦት እመጣለሁ አልኳት። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

ከሰባት ሳምንት በኋላ የወንድሜ መኪና ከሚሌ ወዲህ ተገለበጠ። ስልኩ የተደወለልኝ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚያስፈራኝ ነገር ይህ ነው፦ ሁለተኛው ሞት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ነበርና።

አሁን ስለ ትምህርት ቤታችን ጥበቃ ልንገራችሁ። ከአፋምቦ በኩል የመጡ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ሥራ ከጀመርኩበት ሳምንት አንስቶ ጠዋት በሩ ላይ ሳገኛቸው ከሰላምታው ቀጥለው ዳጉ ይጠይቁኛል። ዳጉን የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወደ ጉዳያቸው ከማለፋቸው በፊት ወሬ ይለዋወጣሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተ። ጨዋታ አይደለም፣ ሕግ አለው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ደግሞ ከእገሌ ሰማሁ ብለህ ትለያለህ። የተቀበልከውን ለሚቀጥለው ሰው ታደርሳለህ። እኔ የሰጠሁት ወሬ በማግስቱ ሰርዶ ሻይ ቤት፣ በሦስተኛው ቀን ጭፍራ ገበያ ሊገኝ ይችላል። ስልክ ባለበት ዘመንም ሰው የሚተማመነው በዚህ ነው፤ ወሬውን የሰጠህ ሰው በስሙ ይታወቃልና።

ይህን ለተማሪዎቼ በራሴ አንደበት አስተምሬዋለሁ። እንደ ጥሩ የመረጃ ሥርዓት አድርጌ፣ ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ።

ከእናቴ ቀብር የተመለስኩ ዕለት ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አዋሽ እንዴት ነው አሉኝ። ተማሪዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፣ ደወል ሊደወል ነው። ስለ መንገዱ ነገርኳቸው፤ ገዋኔ ላይ ስለቆመው የመኪና ሰልፍ፣ አዋሽ ላይ ስለጣለው ያለጊዜው ዝናብ፣ ስለ ከሰልና ስለ ፍየል ዋጋ። ሁሉንም በተራ። ቤተሰብስ አሉኝ። “ኸይር ነው” አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው እንደማንኛውም ሰላምታ ነው። እሳቸው አልሐምዱሊላህ አሉ፣ እኔም ወደ ክፍሌ ሄድኩ። በማግስቱ ላርመው እችል ነበር፤ ግን አንዴ ደህና ያልካትን እናት በማግስቱ እንዴት ትገድላታለህ? አለፈ። ከወንድሜ ቀብር ስመለስም ጠየቁኝ። ያኔ ደግሞ አንዱን ብናገር ሌላው ሊጎተት ነው። ሁለተኛም ኸይር አልኩ።

የዚያን ጊዜ ሐሳቤን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ሰመራ ላይ ማንም ካላወቀ ሰመራ ላይ ማንም አልሞተም ማለት ነው ብዬ ነበር። ርዕሰ መምህሩን ያስፈቀድኩት “የቤተሰብ ጉዳይ” ብዬ ነው። ባልደረቦቼም ሠርግ መስሏቸው ኬክ የታለ ብለው ቀለዱብኝ፤ አብሬ ሳቅሁ።

ጥር በሰላም አለፈ። የትምህርት ዕቅዴን ከሁሉ ቀድሜ አስገባሁ፣ የፈተና ወረቀት በሁለት ቀን አርሜ መለስኩ። የካቲት ላይ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩኝ። የቤቴን በር ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ መቆለፌን ስለምጠራጠር ሦስቴ አራቴ እመለሳለሁ። ዋናው መንገድ ላይ ባዶውን የሚወርድ ተሳቢ ሰንሰለቱን እያንኳኳ ሲያልፍ የግራ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ጠመኔ ይወድቅብኛል። የሞቀ ንፋስ ከበረሃው ሲነሳ ደረቴ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ ይመስለኛል። ሐኪም አየኝና ውሃ ጠጪ አለኝ፤ ሰመራ ውስጥ ለማንም ቢሆን ጥሩ ምክር ነው።

ከሁሉ የከፋው ሒሳቡ ነበር። ሥርዓት የሚወድ ሰው ሲፈራ ፍርሃቱም ሥርዓት አለው። በእናቴና በወንድሜ መካከል አርባ ዘጠኝ ቀን ነው። አንድ ቀን የትምህርት ዕቅድ ደብተሬ ጀርባ ላይ ከወንድሜ ቀን ተነስቼ አርባ ዘጠኝ ቆጠርኩ፤ የቀረን እኔና እህቴ ብቻ ነን። ያ ቀን ምንም ሳይሆን አለፈ። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። እኔ ግን ስሌቱን አረምኩት፤ ምናልባት ከሞቱበት ሳይሆን ከተቀበሩበት፣ ምናልባት በኢትዮጵያ ሳይሆን በሒጅራ አቆጣጠር። ቀኖች ላይ ክብ ሠራሁ። ክቡ ያለበት ቀን ሲደርስ ስልኬ ከጠራ አላነሳም። እህቴ ናት የምትደውለው፤ ስሟን ስክሪኑ ላይ ሳይ ግን የሚታየኝ፣ በእሷ ስልክ የሚያወራ ሌላ ሰው ነው። የወንድሜን ሞት የሰማሁት እንዲያ ነበርና፤ በእሱ ስልክ፣ በማላውቀው ድምፅ። ክፍል ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ ብዬ እጽፍላታለሁ። በኋላ ግን አልደውልም። መጋቢት ሲጋመስ ክብ የሌለበት ቀን ደብተሩ ላይ ብዙም አልቀረም።

ያ ማክሰኞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ለስምንተኛ ክፍል ስለ ታችኛው አዋሽ ጎርፍ አስተምር ነበር፤ በጣም የምወደው ትምህርት ነው። እዚህ ጎርፍ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መሬቱ ደርቆ፣ አንድም ደመና ሳይታይ ነው። ዝናቡ የዘነበው ሌላ ቦታ፣ ደጋ ላይ፣ ከቀናት በፊት ነው፤ ውሃው እየተጠራቀመ፣ ጠመዝማዛውን ወንዝ ተከትሎ ማንም ባልጠበቀው ጠዋት ይደርሳል። ወንዙን ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ስዬዋለሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ ዝናቡን ያላየ ሰው ውሃው እንደሚመጣ በምን ያውቃል አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ ዞርኩ። ሰው ካልነገረው አያውቅም ልል ነበር። ‘ሰው ካልነገረው’ ድረስ ደረስኩ። ከዚያ ጉልበቴ ታጠፈ፣ በሰሌዳው ግርጌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጠመኔ የምፈልግ መስሏቸው ሳቁ። አንዱ፣ ቲቸርን ጾሙ ይዟታል አለ። ሙቀቱ ነው ብዬ ተነሳሁ። የትምህርቱን ቀሪ ክፍል እስከ መጨረሻው አስተማርኩ፤ ምን እንዳልኩ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሚያዝያ እንደገባ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ሽማግሌው ዳጉ አልጠየቁኝም። ሰላምታዬን መለሱ፣ በሩን ከፈቱ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። በማግስቱም እንዲሁ። ከእሳቸው ጋር የሚቀመጡት ሁለት ሰዎችም ሳልፍ ወሬያቸውን አቆሙ። ሦስተኛ ቀን ላይ ምን አጠፋሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው።

“ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ሁለት ጊዜ ኸይር አልሽኝ። እኔም ለሰው ሰጠሁት፤ ከመምህርቷ አፍ ነው፣ አይታ ነው የመጣችው እያልኩ።”

ቀሪውን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። የወንድማቸው ልጅ ለሕክምና ከአፋምቦ ወደ አዳማ ይሄዳል። በአዋሽ ስለሚያልፍ ሽማግሌው አደራ ይሰጡታል፤ ሴት ልጃቸውን ማንበብ ስላስተማርኩላቸው ባለቤታቸው ለእናቴ ሰሌን ሠርተው ነበርና። ሰውየው ቁርስ ቤቱን ተዘግቶ ያገኘዋል። ቤቱን ጠይቆ ይደርስና ያንኳኳል። እህቴ ትከፍታለች፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሰውየው እንደ ወጉ ቆሞ እናትሽ እንዴት ናቸው ይላል፤ ሰላም ያለ እየመሰለው ይቀጥላል፣ ወንድምሽስ፣ ሾፌሩ፣ ከመንገድ ተመልሷል ወይ? ሰሌኑንም ይዘረጋላታል፤ ለእናትሽ ነው፣ እህትሽ ደህና ናቸው ብላናለች ይላታል።

እህቴ በሩን ይዛ ቆማ ሁለቱም መሞታቸውን ራሷ ነገረችው። ከዚያ እዚያው ደፉ ላይ ወደቀች። ደም ፈሰሳት። ጎረቤቶች በባጃጅ ወደ ሕክምና ወሰዷት፤ ሰውየውም እስክትመለስ ድረስ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ደሙ ቆሟል፣ ግን እስክትወልድ ድረስ ከአልጋ እንዳትነሳ ብለዋታል። ይህ ሁሉ የሆነው ከስምንት ቀን በፊት ነው።

ከስምንት ቀን በፊት። ስልኬን አወጣሁ። ያን ዕለት አራት ጊዜ ተደውሏል፣ በማግስቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ያልተነሱትን ጥሪዎች ያኔም አይቻቸዋለሁ። ቀኑ ክብ ነበረው።

እንግዲህ የፈራሁትን ነገር እኔው በእጄ ደጇ ድረስ አድርሼዋለሁ ማለት ነው። ወዲያውኑ ወደ ሎግያ ወርጄ ሚኒባስ ልይዝ ዞርኩ። ሽማግሌው ግን በሩ ጥላ ሥር ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ።

“እንዲህ ሆነሽ አትሄጂም” አሉ። “መጀመሪያ ዳጉውን ስጪኝ። የተበላሸውን።”

አይቸኩሉም፣ አያጽናኑም። ሰው ሲሞት እንደምንባባለው አላህ ይዘንላቸው ብለው አላሳለፉትም። እንደ ማንኛውም ዳጉ ከመነሻው ጠየቁኝ። ማን ሞተ፣ መቼ፣ በስንት ሰዓት። አይተሽ ነው ሰምተሽ? ስለ ወንድሜ ሰምቼ ነው አልኩ፤ ከማን፣ በምን ድምፅ፣ ቃሉ ምን ነበር? መለስኩ። ወደ እናቴ መጣን። አይቼ ነው አልኩ።

“ስትሞት አየሻት?”

አጠገቧ ነበርኩ አልኩ። እንዳልኳችሁ ለሁሉም የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሽማግሌው ግን ጠያቂ ናቸው፤ ይህን ጥያቄ ለስልሳ ዓመት ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው።

“አጠገቧ የት?”

ኮሪደሩ ላይ፣ አልኩ። ምን ትሠሪ ነበር? የመድኃኒቱን ስምና ሰዓት ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት ክፍሏ ውስጥ ነበርኩ። ምን አለችሽ?

“‘ቁጭ በይ’ አለችኝ።”

“ተቀመጥሽ?”

“አልተቀመጥኩም። ጨርሼ ልምጣ አልኳት።”

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለራሴም ጭምር። ሲወጣ ድምፄን አላወቅሁትም። ከጥቅምት ጀምሮ የት እንደነበረ የማላውቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ተማሪ እያየኝ፣ ደወል እየተደወለ፣ በሽማግሌው እግር ሥር አነባሁ። ውብ ነገር አልነበረም። አስመለሰኝ። ሽማግሌው የውሃ ኩዳቸውን አቀበሉኝ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ እስክጨርስ ጠበቁኝና፣

“ከዚያስ?” አሉኝ።

ከዚያ የቀረ ነገር ነበር? ነበረ። እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ስመለስ አፏ ተከፍቶ እንደነበር፣ ዓይኗን የከደንኩት እኔ ሳልሆን ነርሷ እንደነበረች፣ እኔ ሰዓቱን እንደጻፍኩ። ሲያልቅ አንገታቸውን ነቀነቁ። አሁን ይህን እንደሚሰጡ፣ የቀድሞውን ውሸት የተቀበለ ሰው ሁሉ ይህንኛው እንዲደርሰው እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። ይቅር አልኩሽ አላሉም፤ እስከ ዛሬም አላሉም።

ወደ አዋሽ የሚወስደውን መንገድ መቶ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከሚሌ ወዲህ ያለውን ቦታ ስናልፍ ሾፌሩን አቁምልኝ ብዬ ወረድኩ፤ በቀብሩ ሰሞን በዚያው ሳልፍ ወደ ውጭ አላየሁም ነበር። የተሰባበረ መስታወት አሁንም አስፋልቱ ዳር አለ። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ፤ ምክንያቱን ስነግራቸው ግን አንዲት እናት ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ገዋኔ ላይ የእህቴን ስልክ ደወልኩ። አልተነሳም። እንደገና ደወልኩ። አልተነሳም። የስልክ ጥሪ የማይነሳለት ሰው ምን እንደሚያስብ ያን ዕለት በቂ ትምህርት አገኘሁ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ጎረቤታችን በሩን ከፈተችልኝ፤ ፊቷን ቀድሜ አየሁት፣ የለቅሶ ፊት አልነበረም። እህቴ አልጋ ላይ በግራ ጎኗ ተኝታለች። ሆዷ ከፍ ብሏል፤ ፊቷ ግን ከስቶ የእናታችንን መስሏል። አልዞረችልኝም።

“ርዕሰ መምህሯ መጣችልን” አለች ለግድግዳው። “ደብተርሽን ይዘሻል?”

ይዣለሁ አልኩ።

“የእኔንም ዝርዝር ጀምረሻል አይደል?”

መዋሸት እችል ነበር። ስለ ክቦቹ ነገርኳት፤ ስለ አርባ ዘጠኙ ቀን፣ ስልኳን ለምን እንደማላነሳ፣ በሩ ላይ ኸይር ስላልኩት። እየሰማች ቀስ ብላ ዞረች። ስትቆጣ ትንሽ ልጅ ሆና እንደምታደርገው የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳለች።

“ሁለቴ ቀበርሽ፣ ሁለቴም ሳህን ቆጠርሽ” አለችኝ። “እኔ ብቻዬን ነው ያለቀስኩላቸው። ማልቀሱ ለሁለት ነበር፤ ድርሻሽን እኔ ላይ ጥለሽ ሄድሽ።”

ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ ወጣሁና ለሽማግሌው የነገርኩትን በዚያው ቅደም ተከተል ነገርኳት፤ የኮሪደሩን፣ ‘ጨርሼ ልምጣ’ ያልኩትን። ያን ቀን እህቴ ክፍሉ ውስጥ እንደነበረች ታውቃላችሁ? እኔ ረስቼው ነበር። ወደ ኮሪደሩ ከወጣሁ በኋላ እናታችን ያለቻትን ነገረችኝ። እንዲህ ብላ ነበር፦ “ተያት፣ ትጻፍ። ይህቺ ልጅ እኔንም ጽፋ ካልጨረሰች አትቀመጥም።” ብላ ፈገግ አለች አለችኝ እህቴ። ከዚያ በኋላ እናታችን ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ስድስት ወር ሙሉ ይህን ቃል ይዛው ነበር። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ልነግርሽ ጓዳ ውስጥ ስጠብቅሽ ነበር፣ አንቺ ገብተሽ ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ አልሽኝ አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁም ወዲያው ተበላሸ፣ ጎረቤታችን እህቴ እንዳትናወጥ ፈርታ መጥታ እስክትቆጣን ድረስ አለቀስን። ሴትዮዋ፣ ከለቅሶ የወጣችሁ ሰዎች አይደላችሁም ወይ አለችን። እህቴ እሷ ገና መግባቷ ነው አለቻት።

ይህን የምጽፈው ግንቦት ውስጥ፣ ከዚያው አልጋ አጠገብ ሆኜ ነው። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የፈቃዱ ቅጽ ላይ ምክንያቱን ሙሉውን ጻፍኩት። እህቴ አልወለደችም። ሕክምና ያዩዋት ሰዎች ሦስት ሳምንት ከቆየች መልካም ነው ብለዋል፤ ካልቆየች ምን እንደሚሆን ጠይቄያቸው መልሱን ለእህቴም ለእናንተም አልደግመውም። ሙቀቱ በርትቷል። ተሳቢዎቹ ቀንም ማታም ያልፋሉ። ለሽንት በተነሳች ቁጥር ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። መጥፎው ነገር ይመጣል ብሎ የሚነግረኝ ድምፅ አልተወኝም፤ ምናልባትም ትክክል ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም። ልዩነቱ አሁን ጠዋት ጠዋት እንደፈራሁ እነግራታለሁ፤ እሷም ምን ያህል እንደፈራች ትነግረኛለች። ለእናቴና ለወንድሜ የማለቅሰው ባልጠራሁት ሰዓት ነው፤ ሱቅ ስሄድ፣ ሽንኩርት ስመርጥ። የሰፈሩ ሰው፣ እናቷ በሞተች በስምንተኛው ወር ያበደች ይለኛል። እንዲሉ ትቻቸዋለሁ።

እናንተም ያልተናገራችሁት ሞት ካላችሁ እስቲ ይህን ሞክሩ። ‘አይዞሽ’ ለማለት የማይቸኩል አንድ ሰው ፈልጉ፤ ዘመድ ባይሆን ይመረጣል። ‘ከዚያስ?’ ከሚለው ቃል በስተቀር ምንም እንዳይላችሁ አስቀድማችሁ ለምኑት። ከሞቱ ሳይሆን ከዚያ ቀን ጠዋት ጀምሩ፤ ምን በላችሁ፣ ማን ደወለ፣ የት ቆማችሁ ነበር። በዓይናችሁ ያያችሁትን ሰው ከነገራችሁ ለዩ። አንድ ቦታ ስትደርሱ ልትዘሉት ትፈልጋላችሁ፤ ለመዝለልም ጥሩ ምክንያት ይኖራችኋል፣ የእኔ ምክንያት ደወሉ ነበር። እዚያ ላይ አትቸኩሉ። ቃሉን እንዳለ አውጡት፣ ከዚያም የቀረውን እስከ መጨረሻው ንገሩ። ነገ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሞክሩት።